ብልህ ለማለት ብልጥ ያልኩበት ደብዳቤ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁብህ በቂም ወይም በመርሳት ሳይሆን በሐፍረት ነውና ምክንያቱን ዛሬ ልንገርህ።

ለሥራ ስትወዳደር የድጋፍ ደብዳቤህን በእንግሊዝኛ የጻፍኩልህ እኔ ነበርኩ። ብልህ ማለት የሆነው «ክሌቨር» የጀማሪ ቃል መስሎ ስለታየኝ፣ ከፍ ያለ ቃል ፍለጋ የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ገልጬ ከጎኑ ያገኘሁትን «ከኒንግ» አስገባሁ። ሳትጠራ ቀረህ። ከወራት በኋላ መዝገበ ቃላት ገልጬ ትርጉሙን ሳነብ፣ በማታለል ያሰበውን የሚያገኝ ሰው ማለት ሆኖ አገኘሁት። በጥንቱ እንግሊዝኛ ከ«ማወቅ» የወጣና ነውር የሌለበት ቃል ነበር፤ ዛሬ ግን ብልህ ልልህ ፈልጌ ብልጣብልጥ ብዬህ ኖሯል። በአማርኛ ቢሆን ብልህን በብልጥ ለውጬ እንደማልጽፍ ታውቃለህ፤ በሰው ቋንቋ ግን ሁለቱ አንድ መሰሉኝ። ይቅር በለኝ።

ተመሳሳይ ቃላትን በየሐሳባቸው ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1852 ያሳተመው እንግሊዛዊው ሐኪም ፒተር ማርክ ሮዤ ለቃላቱ ፍቺ አልጻፈላቸውም፤ ሥራው ሐሳቡ በልቡ እያለ ቃሉ ለጠፋበት ሰው የሚሆን ነውና። እኛ ደግሞ ያንን ዓይነት ዝርዝር እንደ መዝገበ ቃላት ስናጠናው ኖርን። እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ብዙ ቃል የኖረው በታሪኩ ነው፤ በ1066 ኖርማኖች አገሩን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ በቤተ መንግሥትና በችሎት ሲነገር፣ ላቲን በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት በኩል ገባ። ስለዚህ ለመጠየቅ ካሉት ቃላት «አስክ» የጥንቱ እንግሊዝኛ ነው፤ «ክዌስችን» ከፈረንሳይኛ፣ «ኢንተሮጌት» ከላቲን መጡ። ልጅ እናቱን የሚጠይቀው በመጀመሪያው ነው፤ ፖሊስ ተጠርጣሪን የሚመረምረው በመጨረሻው ነው። የእኛስ ጠየቀ፣ መረመረና አፋጠጠ መቼ አንድ ሆነው ያውቃሉ?

አሁን ተማሪዎቼን የማስጠናው በትንንሽ ካርድ ነው። የአንድ ቃል ፍቺ በራሳቸው እንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ሁለት ጎረቤት ቃላት አስቀምጠው በምን እንደሚለያዩ ይናገራሉ፤ በመጨረሻም ከራሳቸው ኑሮ ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ። ሦስተኛው ነው ቃሉን የሚያስቀረው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ «ፍሩጋል»ን ከ«ስቲንጂ» ስትለይ የጻፈችውን ብታይልኝ ደስ ባለኝ፤ አያቷ ከቀፊራ ገበያ የገዙትን ከሰል በቁጥር ያነድዳሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ግን ቡናውን እስከ በረካ ሳያደርሱ አይለቁም፤ ስለዚህ ቆጣቢ እንጂ ንፉግ አይደሉም ትላለች። ይህን የጻፈች ልጅ ሁለቱን ቃላት ዳግመኛ የምታደባልቅ አይመስለኝም።

የዚያን ደብዳቤ ቅጂ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። «ከኒንግ»ን ሰርዤ በምትኩ «ዲሰርኒንግ» ብያለሁ፤ ፍቺው መልካሙን ከክፉው ለይቶ የሚያይ፣ አስተዋይ ማለት ነው፤ አንተን ሳስብ የሚመጣልኝም ይኸው ነው። አርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አልፈረምኩበትም፤ ቃል በቃል አንብበው የማትወደውን አስምርበትና መልሰህ ላክልኝ።

ወዳጅህ