«አንተ» ብዬ ስጽፍልህ

ልጄ፣ እንደምን ሰንብተሃል?

መጀመሪያ «ሰንብተሻል» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። ስርዙን እንድታየው ብዬ ወረቀቱን አልቀየርኩም። በእንግሊዝኛ ቢሆን «ዩ» ብዬ እገላገል ነበር። የኛ ቋንቋ ግን ና ሲሉም፣ ብላ ሲሉም፣ ደህና እደር ሲሉም ወንድ ወይም ሴት ሳያደርግ አያልፍም። 26 ዓመት «አንቺ» ማለት የለመደ አፍ፣ «ወንድ ነኝ» ካልከኝ ወዲህ ባለው አራት ወር አይታረምምና ታገሠኝ።

«እማዬ፣ አትይው» ያልከኝን ፊልም አየሁት። ማክሰኞ ሌሊት፣ የምጠብቃቸው አሮጊት ከተኙ በኋላ፣ በስልኬ። «ቦይስ ዶንት ክራይ» የወጣው በ1999 ነው፤ ወንዶች አያለቅሱም ማለት ነው። አባትህ ወንድምህን «ወንድ ልጅ ያለቅሳል እንዴ?» ይለው የነበረው ትዝ አለኝ። አንተ ስታለቅስ ግን ትከሻው ላይ ያደርግህ ነበር። አባትህ ገና ነው፤ አትቸኩልበት።

ሂላሪ ስዋንክ ኦስካር የወሰደችበት ነው፣ ይገባታልም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ታሪኩ እውነት መሆኑ ነው። ብራንደን ቲና፣ የአሜሪካዋ ግዛት የነብራስካ ልጅ። ፎልስ ሲቲ የምትባል፣ ለካንሳስ ቅርብ የሆነች ትንሽ ከተማ ገባ። እንደ ወንድ ኖረ፣ አፈቀረ። ሁለት ሰዎች ሴት ሆኖ መወለዱን ሲያውቁ በ1993 የገና ሰሞን ደፈሩት። ሄዶ ከሰሰ። ሸሪፉ አሳፋሪ ጥያቄ ጠየቀው እንጂ ሰዎቹን አላሰረም። ሳምንት ሳይሞላ ዲሴምበር 31 ገደሉት። ገና 21 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ተኛሁ መሰለህ? ስፈልግ፣ ሳነብ ነጋ። ብራንደን በተገደለበት ቤት የሞቱት ከሱ ጋር ሦስት ናቸው፤ አንዱ ጥቁር ወጣት ነው። ፊልሙ ውስጥ የለም። ጭራሽ እንዳልነበረ ሰው! የሱም እናት ሲኒማ ቤት ገብታ ልጇን ፈልጋ ይሆን?

የብራንደን እናት ሸሪፉንና አውራጃውን ከሰሰች። የመጀመሪያው ዳኛ ጥፋቱን እንደ ቅርጫ ሥጋ መደበው፤ ከዚያ ውስጥ 1 በመቶውን ለሟቹ ሰጠው። በ2001 የነብራስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረላት። ያቺ አንድ በመቶ እንዴት እንዳንገበገበችኝ! ልጅሽ ለመሞቱ ትንሽ እጁ አለበት ብለው ቢነግሩኝ ምን እሆን ነበር?

የዚህች ተሟጋች እናት ልጅ መቃብር ላይ ግን የተጻፈው የሴት ስሙ ነው። ድንጋዩ «ሴት ልጅ፣ እህት፣ ጓደኛ» ይላል። አልፈርድባትም። እኔም በ80 ቀንህ ክርስትና ያስነሳሁህ ነኝ። ለወንድምህ በ40፣ ላንተ በ80። የክርስትና ፎቶህን ከሳሎን አውርጃለሁ፣ ነገር ግን መኝታ ቤቴ ነው ያለው። ይኸው ነገርኩህ።

ደግሞ አንድ ነገር ገረመኝ። ጎንደር ሴት ልጅ ስትቆላመጥ «አንተ» ትባላለች፣ ወንዱም «አንቺ»። እኔም «ና አባቴ፣ ጉረስ» እያልኩ ነው ያሳደግኩህ። ያኔ ሳልለመን ያልኩትን ዛሬ ስትለምነኝ አፌ ለምን ይያዛል?

አንተ ደግሞ አገር ጠፍቶ እዚያው ነብራስካ ሄደህ ሥራ ያዝክ! ካርታው ላይ ከፎልስ ሲቲ ያለህን ርቀት በጣቴ ለካሁት። ብነግርህ «እማዬ፣ እሱ እኮ ከ30 ዓመት በላይ አለፈው» ልትለኝ ነው። እሺ፣ በ2009 ኦባማ የፈረመው የጥላቻ ወንጀል ሕግ እንዲህ ያለውን ጥቃት እንደሚጨምር አንብቤያለሁ። ግን ሕግ ሌሊት በር ሲንኳኳ አብሮህ አይነሳም። ሆስፒታሉ ውስጥ ማን ያውቃል? ማታ ከሥራ ስትወጣ መኪናህ የት ነው የሚቆመው? ጎረቤትህ ሽማግሌ በረዶህን እንደሚጠርጉልህ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ከምልክልህ ዳቦ ቆሎ ስጣቸው፣ ለጥርሳቸው ከጠነከረ በሻይ ይንከሩት።

ጥቅሉን ትናንት ላክሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የአባትህ ወፍራም ካልሲ። ካልሲውን ማን እንደጨመረው አልጠየቅኩም፤ እኔ ግን አልጨመርኩም።

ካርቶኑ ላይ አዲሱን ስምህን ጻፍኩ። በአንድ ኤል ይሁን በሁለት ጠፋኝ። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ «በአንዱም ይደርሰዋል» አለችኝ። እስከ ሐሙስ ካልደረሰህ ደውል።

እናትህ