ዝም ስላልኩባቸው ሦስት ዓመታት

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እኅቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለላክሽልኝ መልእክት ሁሉ መልስ የነፈግሁሽ ቅያሜ ኖሮኝ አይደለም። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራቸውን አቁመው ነበር፤ ይህን ለአንቺ መንገር ደግሞ ነገሩ እውነት መሆኑን አምኖ መቀበል ስለመሰለኝ፣ ብዕር እያነሣሁ መልሼ ሳስቀምጥ ዓመታቱ አለፉ።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት አራት ሰዓት፣ ደሜ ከሰውነቴ ወጥቶ በማጣሪያው ውስጥ አልፎ ይመለሳል። ለመርፌው እንዲመች ክንዴ ላይ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን በቀዶ ጥገና አገናኝተውልኛል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ከቆዳዬ ሥር የታፈነች ንብ ያለች ይመስል ይርገበገባል። መርገብገቡ ከቆመ መስመሩ ተደፍኗል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ማለዳ ከአልጋዬ ሳልወርድ እዳስሰዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት እርሱን እየዳሰስኩ የምጸልየው አንድ ጸሎት ብቻ ነበር፤ ይህን ነገር አንሣልኝ።

አልተነሣልኝም። ያን ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ ያደከመኝ ሊጠይቁኝ የሚመጡ ሰዎች «ለበጎ ነው» የሚሉኝ ቃል ነበር። ቅን ልብ እንዳላቸው አልጠፋኝም። ነገር ግን ይህ ቃል ከታማሚው አፍ ሲወጣ ምስክርነት ነው፤ ከጠያቂው አፍ ሲወጣ ለቅሶን ይከለክላል። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ ከመናገራቸው በፊት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ዝም ብለዋል፤ ካደረጉት ሁሉ ያ የተሻለው ይመስለኛል። በመጨረሻም የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ለእርሱ ጠበቃ በቆሙት በእነዚያ ወዳጆች ላይ ነበር፤ ሲሟገተው የቆየውን ኢዮብን ግን ስለ እነርሱ እንዲጸልይ አደረገው። ይህን ሳስተውል የቆጠብኩትን ሁሉ በፊቱ አፈሰስኩት፤ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ተስፋዬ የተመለሰው ማጉረምረሜን ከእርሱ መደበቅ ካቆምኩ ወዲህ ነው።

ጳውሎስም ሥጋውን የሚወጋው ነገር እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። ቀድሞ ይህን ክፍል ስሰማ የትዕግሥት ትምህርት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚይዘኝ በዚያው ሁለተኛ የቆሮንቶስ መልእክት መጀመሪያ ላይ ያለው ነው፤ መከራው ከዓቅሙ በላይ ከብዶበት በሕይወት ስለ መኖር እንኳ ተስፋ ቆርጦ እንደነበር ሳያፍር ይናገራል፤ ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ደግሞ እግዚአብሔር በመከራችን የሚያጽናናን በመከራ ያሉትን ማጽናናት እንድንችል ነው ይላል።

ይህ የገባኝ ባለፈው ዓመት ነው። አንዲት ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ለኩላሊት እጥበት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ መርፌውን ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትንቀጠቀጥ ነበር። የምናገረው ቢጠፋኝ ጣቷን ይዤ ክንዴ ላይ፣ ጠባሳው አጠገብ አሳረፍኩት። መርገብገቡ ሲሰማት ዞራ አየችኝና «አያምም?» አለችኝ። «መርፌው ያማል፣ ይህ ግን አያምም» አልኳት። ያን ዕለት ማታ ጌታ ከሞት ተነሥቶ ለቶማስ «ጣትህን ወዲህ አምጣ» ማለቱ ትዝ አለኝና አለቀስኩ። ራሴን ከእርሱ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ የትንሣኤው ሥጋ እንኳ የችንካሩን ምልክት አለመጣሉ ነው የገረመኝ። እርሱ ቁስሉን ካልደበቀ እኔ ክንዴን በረጅም እጅጌ የምሸፍነው ለምንድን ነው? የታመምኩት ለዚያች ልጅ ስል ነው አልልሽም፤ እንዲህ ብዬ የእግዚአብሔርን ሐሳብ የማውቅ መምሰል አልፈልግም። ሕመሜ ግን በእጁ ከንቱ ሆኖ እንዳልቀረ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ሲመጣ ነርሶቹ ከእኔ ጎን ያስቀምጡታል፤ እኔም የምነሣበት ምክንያት አለኝ።

ባለፈው ሳምንት 88ኛውን መዝሙር፣ በግእዙ ቍጥር 87ኛውን፣ አነበብኩ። ገና ሲጀምር እግዚአብሔርን የመድኃኒቴ አምላክ ብሎ ይጠራዋል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሌሎቹ መዝሙራት ወደ ምስጋና ሳይመለስ፣ ወዳጄንና ባልንጀራዬን ከእኔ አራቅህ በሚል እሮሮ ያበቃል። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት፤ አንቺን ከእኔ ያራቀሽ እርሱ እንዳልሆነ አውቃለሁና። ያራቅሁሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት እጥበት ላይ ነኝ። በቀሩት ቀናት ደውዪልኝ፤ ድምፅሽን ለመስማት እጓጓለሁ።

አክባሪ እኅትሽ