ሰኞ ማታ እደውልልሻለሁ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ በቸገረኝ ቀን ብቅ ማለቴ አሳፍሮኛል፤ ይቅር በዪኝ። እናትሽ ያረፉ ሰሞን አንድ ጊዜ ደውዬ የቀረሁትን ነገር... እሱን በአካል ስንገናኝ እንጂ በደብዳቤ አልደፍረውም።

አሁን በአንድ የጥብቅና ድርጅት የሥራ ባህልና አካታችነት አስተባባሪ ነኝ። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት እንዲሠሩ ከፈቀደ ወዲህ እንዲህ ያለ የሥራ መደብም መጣልን። ስድስት ኪሎ ሳለን መች አሰብነው?

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ዓይነ ስውር ወጣት ጠበቃ ቀጠርን። ኮምፒውተሩ የተተየበውን ሁሉ ያነብለታል። እኛ ግን ውሉንም የፍርድ ቤት ውሳኔውንም ስካን አድርገን እንልክለታለን፤ ያ ደግሞ ለኮምፒውተሩ ፎቶግራፍ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ሐሙስ ማታ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጸሐፊያችን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች አንድ ረጅም ውሳኔ ስታነብለት ደረስኩ። «ቁጥሩን ድገሚልኝ» ሲላት በሩ ላይ ቀረሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ሳነብልሽ ከ3,367ቱ አንቀጾች አንዷን ብዘል የምትይዢኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ። አሁንም እንደዚያው ነገረኛ ነሽ?

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ረዳት ይመደብለት ብዬ አነሣሁ። ከሸሪኮቹ አንዱ «ለአንድ ሥራ ሁለት ደመወዝ?» አለ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በአንቀጽ 6 ረዳት መመደብ የአሠሪው ኃላፊነት መሆኑን ይደነግጋል፤ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ዝም አልኩ። ልጁ እኮ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጦ ይሰማል! ከሰዓት በኋላ እኔው ባዘጋጀሁት የዓርብ ቡና ላይ ያው ሰው ስኒውን በሁለት እጁ አቀበለው፤ ስኳሩንም አማሰለለት። ልጁ አመስግኖ ጠጣ። እኔ ግን ቡናው አልወርድልሽ አለኝ።

ማክሰኞ ጉዳዩን እንደገና አነሣዋለሁ። ረዳቱ ይመደብ፤ ከእጃችን የሚወጣ ሰነድ ሁሉ ተተይቦ ይላክ፤ በስብሰባ ላይም «ይህንን ተመልከቱ» እያሉ ወደ ግድግዳው መጠቆም ቀርቶ የተጻፈው ይነበብ እላለሁ። አንቺ ደግሞ በመጀመሪያው መሥሪያ ቤትሽ ያሳለፍሻቸውን ስምንት ወራት እንደገና ንገሪኝ። ያኔ ስትነግሪኝ በቅጡ አልሰማሁሽም፤ «ይለመዳል» ብዬሽ ነበር። ምን ብለው ቢጠይቁሽ ትቆዪ ነበር? ስምሽን አላነሣም፤ ምሳሌ ላደርግሽም አይደለም። ደግሞ ልጁን ራሱን ሳልጠይቅ ወደ አንቺ መሮጤ አሁን እየጻፍኩ ሳለሁ ቆረቆረኝ። ነገ ጠዋት መጀመሪያ እሱን አነጋግረዋለሁ።

ሰኞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ብትቆጪኝም እሰማለሁ፤ ብቻ ስልኩን አንሺልኝ።

ያንቺው