ለአባባ፣ ከለንደን

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራውም ደህና ነው፣ ብርዱንም ለምጄዋለሁ። ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ። የላክሁት ገንዘብ ሳይነካ እንደተቀመጠ እህቴ ነገረችኝ። «አስተምሬው አስተምሬው ደላላ ሆነብኝ» ማለትዎንም ሰማሁ። ሁለት ወር ሙሉ ድምፅዎን የነሱኝ ለዚህ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። «የመርከብ ደላላ ቤት ገባሁ» ብዬ በስልክ ቸኩዬ አለፍሁት፤ ሌላ ቃል አጥቼለት ነው። አሁን ግን ሥራው ምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ እጽፍልዎታለሁ።

ለእህቴ ሽማግሌ ሲላክ፣ የተሰጠውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያደርስ ሰው ተመርጦ እንደሚላክ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። የመርከብ ደላላም እንደዚያ ነው። በአንድ ወገን መርከብ ያለው አለ፣ በሌላው ወገን ጭነት ያለው፤ ብዙ ጊዜ አይተያዩም፣ ቋንቋቸውም አይገናኝም።

የምሠራበት ቤት ትንሽ ነው። የሙያው ታላቅ ቤት ክላርክሰን ይባላል፤ ሆራስ ክላርክሰንና ሊዮን ቤንሃም በ1852 እዚሁ ለንደን አቋቋሙት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልዎ)። ጊዜውን ልብ ይበሉልኝ። እንግሊዝ ከውጭ በሚገባ እህል ላይ የጣለችውን ከባድ ቀረጥ እንድታነሳ በ1846 ተወሰነ። በ1849 ደግሞ የባሕር ንግዷን ለራሷ መርከቦች ያደላ የነበረውን ሕግ ሻረች። ከዚያ ወዲህ እህሉም ከየአገሩ፣ መርከቡም ከየባንዲራው ይመጣ ጀመር፤ ሁለቱን ወገን የሚያውቅ፣ የሚታመን ሰው ተፈለገ። በኖርዌይ የፌርንሊ ቤት በ1869፣ በኒውዮርክ ሲምፕሰን፣ ስፔንስና ያንግ በ1880 ተከትለው ተነሱ። ሁሉም ዛሬም አሉ። ክላርክሰን በ1986 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ፤ በ2015 ፕላቱ የሚባለውን የኖርዌይ ቤት ጠቀለለ።

የለንደኑ ገበያ መነሻው ቡና ቤት ነው ብልዎ ደስ ይልዎት ይሆናል። ትሬድኒድል ጎዳና ላይ የነበረ ቡና ቤት በ1744 «ቨርጂኒያና ባልቲክ» ተባለ፤ ደንበኞቹ ከሚነግዱባቸው አገሮች የተወሰደ ስም ነው። በ1823 ነጋዴዎቹ ደንብ አወጡ፣ በ1903 ሴንት ሜሪ አክስ በሚባለው መንገድ ላይ ትልቅ አዳራሽ ሠሩ። አዳራሹን በ1992 የአየርላንድ ታጣቂዎች ያጠመዱት ፈንጂ ክፉኛ ጎዳው፤ ሥራው ግን አስቀድሞ ወደ ስልክና ቴሌክስ ዞሮ ስለነበር ገበያው አልቆመም። የእነዚያ ነጋዴዎች ማኅበር መመሪያ «ቃላችን ማሰሪያችን» የሚል ነው። አባባ፣ ይህ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። ያልተሰጠውን ቃል «ተሰጥቶኛል» ብሎ ያስተላለፈ ደላላ፣ ተሳስቶም ቢሆን፣ የደረሰውን ጉዳት ከኪሱ ይከፍላል።

አሁን አንድ ጭነት እንያዝ፤ 50,000 ቶን ስንዴ ወደ ጅቡቲ፣ በእኛ 500,000 ኩንታል። ባለ ጭነቱ መጠኑን፣ የሚጫንበትን ወደብ፣ መርከቡ ከየትኛው እስከ የትኛው ቀን መድረስ እንዳለበት ይናገራል። የመጨረሻው ቀን ካለፈ ውሉን መሰረዝ ይችላል። ደላላው በዚያ ቀን የምትደርስ፣ ስትጫን የወደቡ ጥልቀት የሚበቃት፣ ወደቡ ማንሻ ከሌለው የራሷ ክሬን ያላት መርከብ ይፈልጋል። ከዚያ ዋጋ ይመላለሳል። እያንዳንዱ ዋጋ ሰዓት አለው፤ «እስከ አሥር ሰዓት» ከተባለ በኋላ የመጣ እሺታ ማንንም አያስርም። ዋጋው ሲያልቅም «ተቀባዩ ከፈቀደ» የሚሉ ዓይነት ቅድመ ሁኔታዎች ይቀራሉ፤ እነሱ እስኪነሱ ውል የለም። ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። አለቀ ብሎ ለባለ መርከቡ ይነግራል፣ እሱም የመጣለትን ሌላ ጭነት «አይሆንም» ብሎ ይመልሳል፣ በማግሥቱ ተቀባዩ እምቢ ይላል።

ክርክር የሚበዛው ግን ማራገፊያው ላይ ነው። በቀን 5,000 ቶን ይራገፋል ከተባለ ሥራው 10 ቀን ነው። 13 ቀን ከፈጀና የቀኑ ሂሳብ 15,000 ዶላር ከሆነ፣ መርከቡን የተከራየው ባለ ጭነት 45,000 ዶላር ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ካሳ፣ ይከፍላል። እንግዲህ ዓርብና በዓል ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ዝናብ ያቆመው ሰዓትስ? ይህ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ጠበቃ ዘንድ ያደርሳል። ሰዓቱ የሚጀምረው ካፒቴኑ «ደርሻለሁ፣ ዝግጁ ነኝ» ብሎ ሲያስታውቅ ነው፤ ሊጭን ሄዶ የእህሉን ክፍል ሳያስጸዳ ቢያስታውቅ ግን ማስታወቂያው ዋጋ የለውም።

የደላላውን ድርሻም ልንገርዎ፣ የሚከብድዎ እሱ ይመስለኛልና። ኪራዩ በቶን 40 ዶላር ቢሆን ጠቅላላው 2,000,000 ይሆናል። የተለመደው ድርሻ አንድ ከሩብ በመቶ ነው፤ 25,000 ዶላር ለቤቱ ይገባል። ውሉ ላይ ተጽፎ፣ ሁለቱም ወገን እያዩት። ለሻጭ ሌላ ለገዢ ሌላ ዋጋ ነግሮ ልዩነቱን ኪስ መክተት የለም። ጉዳዩ ካልተሳካ ደግሞ ስንት ወር የተደከመበት ሁሉ ባዶ ነው።

የምልከው አንዳንዴ የሚያንሰውም ረስቼዎ አይደለም፣ አባባ፤ እባክዎ እንዲያ አያስቡብኝ። ገበያው በየቀኑ የሚያወጣው የኪራይ መለኪያ በ2008 ሜይ 11,793 ደርሶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወደ 663 ወረደ። ባንኮች ለጭነት ይሰጡ የነበረውን ዋስትና ከለከሉ። መርከብ መሥራትም ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ዋጋ በወጣ ጊዜ የታዘዘው ዋጋ ከወደቀ በኋላ ይደርሳል፤ ጭነቱ ሲያንስ መርከቡ ይበዛል። ከኪራይ ላይ የሚታሰበው ድርሻም አብሮ ይወርዳል።

የደም ግፊቱን ኪኒን አቋርጠዋል አሉ። ከገንዘቡ መጀመሪያ እሱን ያስገዙ፤ ጥዋት ጥዋት ይዋጥ የተባለው ደህና ሲሆኑ እንዲተዉት አይደለም። የቀረው ለእህቴ ሠርግ ይሁን። ጥር ሲሉኝ ድንኳኑ፣ የእርስዎ ነጭ ጋቢ፣ የሴቶቹ እልልታ ሁሉ በዓይኔ ይመጣል። እህቴን ሲመርቋት ከጎንዎ አለመቆሜን ሳስበው ደብዳቤው አልገፋ ይለኛል። የልጁን ቤተሰብ እህቴ በጥቂቱ ነግራኛለች፤ እርስዎ ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር ምን ተባባላችሁ? እሱን ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ስልኩን እርስዎ ያንሱልኝ።

ልጅዎ