ጥቅምት 4ን ማን ነገረን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደሴ፣ ሙጋድ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሥራውን የጀመርኩት በጽሕፈት መኪና ነው። ጣቴ ዛሬም ኪቦርዱን እንደ መኪናው ስለሚደበድበው ልጄ ትስቅብኛለች። የቴክኖሎጂ አምዳችሁን አልፌው አላውቅም። አዲስ የወጣ ስልክ ስንት ካሜራ እንዳለው የምሰማው ከእናንተ ነው። አንድ ነገር ግን ቅር አሰኝቶኛል፤ የድሮው ፕሮግራም የሚያበቃበትን ቀን አትነግሩንም።

በጥቅምት 2018 ደንበኛ ፊቴ ቆሞ አንድ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ስክሪኑን ሞልቶ መጣ። ዘጋሁት። ማታ ልጄ አነበበችልኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ድጋፍ፣ ማለትም የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍነው ማደሻ፣ ጥቅምት 4 አብቅቷል፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማለት ነው። ወደ 11 ልታሳድገው ሞከረች። አይሆንም አላት። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩም አርጅቷል። እኔ ይህን ዕቃ "አዲሱ" እያልኩ ነው የምጠራው! ሁለተኛ እጅ ነው እርግጥ፤ ግን ይጽፋል፣ ያትማል፣ ምንም አልጎደለው።

"አሮጌው" ደግሞ ዊንዶውስ 7 ነው። በ2014 ከተማችን ስትዘረፍ ከቤቴ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ሲወሰዱ እሱን ንቀው ጥለውት ሄዱ። ለሱ የሚሰጠው ድጋፍ የቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ኖሯል። እኔ አልሰማሁም። ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም በሰው ፊት አፍሬ።

አንድ ልጅ ከኩታበር መጣ። አንድ መሥሪያ ቤት ምዝገባውን በኢንተርኔት ብቻ አድርጎት፣ የመጨረሻው ቀን ያን ዕለት ነበር። ገጹን ስከፍተው ነጭ ሆነ። ኔትወርክ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። የኮምፒውተሩ ሰዓት ተዛብቶ እንደሆነ አየሁ፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲያልቅ ቀኑ ወደ ኋላ ይመለስና ድረ ገጾች አስተማማኝ አይደሉም እያሉ አይከፈቱም። ቀኑ ልክ ነው። ልጁ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፣ የኩታበር መኪና ሊያመልጠው ነው። በመጨረሻ በልጄ ስልክ ስንሞክረው ወዲያው ተከፈተ። ለካ ድረ ገጽ የምንከፍትበት ብሮውዘር፣ ክሮም፣ ለዊንዶውስ 7 የሚሠራው እስከ 109ኛው እትም ድረስ ነው። ከጥር 2015 መጨረሻ ወዲህ የወጣው ሁሉ ዊንዶውስ 10 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ድረ ገጹን የሠራው ሰው የሞከረው በራሱ አዲስ ላፕቶፕ ብቻ ይሆናል። "ብሮውዘርዎ አርጅቷል፣ በስልክ ይሞክሩ" የምትል አንዲት የአማርኛ መስመር ቢጽፍ ምን ነበረበት?

ድጋፍ ለምን ይቆማል ብዬ አልከራከርም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ በግንቦት 2009 ዓለምን ሲያምስ፣ ቀዳዳው የሚደፈንበት ማደሻ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ሳያድሱ የቀሩ ኮምፒውተሮች ተመቱ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ተስተጓጎሉ። እኛ ቤት ደግሞ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ በየፍላሹ ይመላለሳል። እና አሮጌውን ከኢንተርኔት ነቅዬዋለሁ። (የእኛ አገር ሰው ዊንዶውስ አይገዛም፣ ከፍላሽ ይቀዳል እንጂ። ይህንንም ልደብቅ አልችልም።)

ታዲያ አትጥይውም ወይ? አልጥለውም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ዳኛ መጡ። የቅሬውን ደንብ የጻፍኩላቸው በ2001 ነው፤ አሁን የመዋጮው አንቀጽ እንዲሻሻል ተወስኗል። ፋይሉን አዲሱ ላይ ስከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። የላቲን ፊደል፣ ጭረት፣ ነጠብጣብ፣ የማይነበብ ነገር። "ደንባችን ጠፋ ወይ?" አሉ ደንግጠው። "አብሽሩ አያ፣ አለ" አልኳቸው። አሮጌው ላይ ስከፍተው ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል።

ነገሩ ምትሃት አይደለም። ያኔ የምንጽፈው ፓወር ግዕዝ በሚባል የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነበር። የድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው። ቦታው ለፊደላችን ብዛት ስለማይበቃ በሁለት በሦስት የፎንት (የፊደል ቅርጽ) ፋይል ይከፋፍሉታል። ፎንቱ ከሌለ ከስር ያለው ላቲን ይወጣል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ የእኛ የጽሕፈት ቤቶች ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በድሮው ቀጠልን። አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ከ2,000 በላይ ፋይል አለ። ውል፣ ኑዛዜ፣ የውክልና ረቂቅ፣ የሰው ሁሉ ማመልከቻ። ፎንቱን ወደ አዲሱ ገልብጦ መጫን ይቻላል፣ ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያም አለ። ግን ከተቀየረ በኋላ መስመር በመስመር አነበዋለሁ። ኑዛዜ ላይ አንድ ፊደል ብትዛባ ወንድማማች ታጣላለች።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ጣጣ አያጣውም። ዊንዶውስ 7 ላይ አማርኛው የሚታየው ኒያላ በሚባለው ፎንት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ አብሮ ተጭኖ አይመጣም፤ ኢብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ይተካና ሦስት ገጽ የነበረው ውል አራት ይሆናል። ፊርማው ለብቻው አራተኛ ገጽ ላይ ይቀራል። መፍትሔው ከሴቲንግ ውስጥ ተጨማሪውን የግዕዝ ፎንት ማውረድ ነው። ይህን የነገረኝ የለም፤ ሁለት ውል ካበላሸሁ በኋላ ልጄ ፈልጋ አገኘችው።

ቅሬታዬም ይኸው ነው። አምዳችሁ ስለ አዲሱ ሁሉ ሲነግረን የሚያበቃውን አይነግረንም። ጥቅምት 4 ድንገት የመጣ ቀን አይደለም፤ ማይክሮሶፍት ዓመታት አስቀድሞ ያስታወቀው ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር፣ በአማርኛ፣ ከስድስት ወር በፊት አንዲት ጥግ ላይ ብታወጡት ፋይሌን በጊዜ አሰናዳ ነበር። በየከተማው እንደኔ ያለ ስንት ጽሕፈት ቤት አለ! የሚቀጥለውን ቀን ከእናንተ ማንበብ እፈልጋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት አሮጌው ላይ ነው፣ በኒያላ። በፍላሽ ወደ አዲሱ አሻግሬ ልኬላችኋለሁ። እናንተ ጋ ሲደርስ ስሜ ብቻውን ሌላ ገጽ ላይ ከተገኘ፣ ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ።

የጽሕፈት ቤት ባለቤት፣ ከደሴ