መከታ ሦስት ወሩን ይጨርስ

ለልጄ፣ ለሆዴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እናትሽም ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። ትናንት ማታ ድምፅሽ ሲሰበር ሰምቼ በቅጡ ሳልመልስልሽ ስልኩን ዘጋሁት። ስልክ ላይ ሁለታችንም እንቸኩላለን። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የኔ ነው። ሐምሌ ላይ ወደ ጀርመን ይዘሽው የምትገቢውን ውሻሽን መከታን ለእብድ ውሻ በሽታ ከትቤ ካርዱ ላይ ቀኑን ስጽፍ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንስሳ ስከትብ ኖሬ ይኼን ማንን እጠይቃለሁ ብዬ ሳላጣራ ወጋሁት። የአውሮፓ ኅብረት ግን መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ማለት ከቆዳው ሥር የምትገባ ባለቁጥር መለያ፣ ቀጥሎ ክትባት ይላል፤ ቺፕ ሳይገባለት የተከተበ ውሻ እንዳልተከተበ ነው የሚቆጠረው። ሳስበው ልክ ናቸው። እኔ ካርዱ ላይ የጻፍኩት «ወንድ፣ ቡናማ፣ ደረቱ ነጭ» ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ መንገዱን ሙሉ ታገኛለሽ። በኔ ችኮላ ሁለት ወር ባከነብሽ፤ አፉ በይኝ።

መስከረም 5 አዲስ አበባ ይዤልሽ ስመጣ ከሐኪሙ ዘንድ የሆነውን አልረሳውም። ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነገር በመርፌ አንገቱ ሥር ገባች። ከዚያ ማንበቢያውን ሲያስጠጉለት ጢው ብሎ 15 አሃዝ ቁጥር ወጣ። አንቺ ጭንቅላቱን ይዘሽ ነበር፤ እኔ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስነብቤ በእጄ ጻፍኩት። ክትባቱም የዚያኑ ለት፣ ከቺፑ በኋላ፣ ተሰጠው። ያ ወረቀት አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

ክትባቱ መሥራቱ የሚመረመርበት ደሙም በቀኑ ነው የተቀዳው። ከክትባቱ 30 ቀን ሳይሞላ መቅዳት አይቻልም፤ እኛ ጥቅምት 8 አስቀዳን። እዚህ ኮምቦልቻም የእንስሳት ላቦራቶሪ አለን፣ ለዚህ ጉዳይ ግን ኅብረቱ ራሱ የፈቀደላቸው ላቦራቶሪዎች ያወጡት ውጤት ብቻ ነው የሚታየው። በደሙ ውስጥ የሚጠየቀው ትንሹ የመከላከያ መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው፣ የመከታ 3.2 ሆኖ መጣ። ደስ ብሎኝ ለእናትሽ ጮኼ ነገርኳት።

የቀረው ደሙ ከተቀዳ በኋላ የሚጠበቀው ሦስት ወር ነው፤ ያስለቀሰሽም እሱ ነው። ሥራሽ ታኅሣሥ ላይ ይጀምራል፣ የመከታ ሦስት ወር ደግሞ ጥር ላይ ነው የሚሞላው። በኛ 90 ቀን ብለሽ እንዳትቆጥሪ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጥቅምት 8 ሦስት ወር ሲሞላ ጥር 10 ላይ ይውላል፣ የከተራ ለት። ከዚያ በፊት ጀርመን መግባት የለበትም። አሁን ያ ደላላ «ደም የተቀዳበትን ቀን ወደ ኋላ እናደርገዋለን» አለሽ። ልጄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ እንዳታደርጊው።

ስልክ ላይ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቃሉ ገጠር ስሠራ፣ ከብት ልከትብ በሄድኩበት መንደር አንድ እረኛ ልጅ ታሟል ብለው ጠሩኝ። እኔ የከብት ነኝ ብላቸውም፣ ሌላ ማን አለን አሉኝ። ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። አውራ ጣቱ ሥር የዳነች ጠባሳ አለች፤ ከአርባ ቀን በፊት ውሻ ነክሶት ቅጠል አስረውለት ነበር። ውሃ ጠማኝ ይላል። በጣሳ ሳቀርብለት ገና ሲያየው ጉሮሮው ተኮማተረ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ሄደ። ጣሳውን ገፋው። መልሶ ደግሞ ውሃ አለ። አባቱ ከኔ መድኃኒት ይጠብቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም። ልጁ በማግስቱ አረፈ። ቁስሉን የዚያኑ ለት በሳሙናና በውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥበው ለክትባት ወደ ከተማ አምጥተውት ቢሆን ይተርፍ ነበር።

ሦስቱ ወር የመጣው ከዚህ ነው። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። ከክትባቱ በፊት የተነከሰ ውሻ ደሙ ጥሩ ውጤት ሊያሳይ ይችላል፣ በሽታው ግን በውስጡ እየሄደ ነው። ቢታመም በነዚህ ወራት ውስጥ ይታወቅ ብለው ነው የሚያስጠብቁት። መከታ ጤነኛ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ፍራንክፈርት ላይ የሚቀበለው ሰው ግን የሚያምነው ወረቀቱን ነው፣ ያ ወረቀት ደግሞ የሌሎችንም ልጆች ይጠብቃል። ማታለሉ ቢነቃ ወይ ይመልሱታል፣ ወይ በአንቺ ወጪ ለብቻው ያስቀምጡታል፤ ሌላ መላ ከጠፋ መግደልም በሕጋቸው አለ።

እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። አንቺ በታኅሣሥ ሂጂ፣ ሥራሽን ያዢ። መከታ እኔ ዘንድ ይቆያል። በሌላ ሰው እልከዋለሁ እንዳልል፣ ውሻው ከባለቤቱ ጉዞ በፊትም ሆነ በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ ካልተጓዘ እንደ ግል እንስሳ አያዩትም፤ የንግድ ሕግ ይመጣበታል። ስለዚህ አንቺው ራስሽ መጥተሽ ውሰጅው። ጥር ላይ ፈቃድ ከሰጡሽ መልካም፣ ካልሰጡሽም ለኢድ ትመጫለሽ። ክትባቱ ጊዜው ሳያልፍ ከታደሰለት የደም ምርመራው እንደገና አይጠየቅም፤ ማደሱን ለኔ ተይው፣ የአሁኑን ስህተት አልደግመውም። ለቲኬቱ አንዱን ወይፈን ሰኞ ባቲ ገበያ አውጥቼ እደግፍሻለሁ፤ እናትሽም እሺ ብላለች።

ስትመጪ የጤና የምስክር ወረቀቱን የመንግሥት ሐኪም እንዲፈርመው አድርጊ። ከተፈረመበት ቀን እስከምትደርሱ 10 ቀን እንዳያልፍ፣ በረራው ሳይቆረጥ አታስፈርሚ። ስትደርሱም ዝም ብለሽ እንዳትወጪ፣ ለጉምሩክ ውሻ ይዣለሁ በዪ። የቺፑ ቁጥር በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ መሆኑን አሃዝ በአሃዝ ተመልከቺ፤ አንዲት ቁጥር ብትሳት ሁሉም ይፈርሳል።

መከታን እያለማመድኩት ነው። አናጢው የሠራልን የጉዞ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ይዞራል፣ ተዘርግቶም ይተኛል። መጀመሪያ አፉን እንኳ አላስገባም ብሎኝ ነበር፤ ምግቡን ከበሩ ጀምሬ በየቀኑ ስንዝር ስንዝር ወደ ውስጥ ስገፋለት፣ ዛሬ ዐሥራ አንደኛ ቀኑ ነው፣ ብቻውን ገብቶ በላ። በሩን ስዘጋበት ትንሽ አለቀሰ። አጠገቡ ተቀምጬ ቡናዬን እስከ በረካ ጠጣሁ፤ ዝም አለ። ማታ ማታ በር ላይ ሆኖ መንገዱን ያያል፤ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ይነሣል።

ታኅሣሥ ላይ ከመሄድሽ በፊት ያንን ቡኒ ሹራብሽን ሳታጥቢው ላኪልኝ። ሳጥኑ ውስጥ ላነጥፍለት ነው።

አባትሽ
ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 14