ልጄ፣ «ዩ አር ሮንግ» ከማለትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባሕር ዳር ክረምቱ ገብቷል። ጣና ደፍርሷል፤ ታንኳዎቹም ከዳር ብዙ አይርቁም።

ሐሙስ ማታ ስትደውዪ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። ክርክሩ ላይ ቆመሽ ቃል እንደጠፋሽ፣ በአማርኛ የምታውቂው ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲሆን እንደከዳሽ ነገርሽኝ። ስልክ ላይ ደህና ነገር አልመጣልኝም። ሳስበው አደርኩና ይኸው ብዕር አነሳሁ። እንግሊዝኛን ስንት ዓመት ለሰው ልጅ አስተምሬ ለልጄ እንዴት ዝም እላለሁ?

እኔም ተማሪ ሳለሁ በመጀመሪያው ክርክሬ ተነሥቼ «ዩ አር ሮንግ»፣ ተሳስተሃል አልኩት፣ ተቃራኒዬን። ልጁ አፍሮ ተቀመጠ። አዳራሹ ግን ወደ እሱ አደላ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ከአማርኛችን ይዘን የምንገባውን ስህተት ላንሳልሽ። «በእኔ አስተያየት» ለማለት «አኮርዲንግ ቱ ሚ» እንላለን። «አኮርዲንግ ቱ» የሌላ ሰው ቃል ወይም ጽሑፍ ለምስክርነት ሲጠራ ነው። ለራስሽ ሐሳብ «ኢን ማይ ቪው» በዪ። ደግሞ እኛ «ምንም እንኳ» ብለን ስናበቃ «ግን» ማለት ይቀናናል። በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካልሽ «በት» አትድገሚ፤ አንዱ ይበቃል። ይህችን «በት» በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ ነው የኖርኩት። «ዲስከስ» (መወያየት) ካልሽም «አባውት» (ስለ) አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አያትሽ ስለ አባቷ ሙግት ስታወራ ትዝ ይልሻል? በድሮው የሙግት ወግ «በላ ልበልሃ» ብሎ ከመመለሱ በፊት የባላጋራውን ቃል አንድ በአንድ ይደግመው ነበር። ባላጋራው ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ። መልሱን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዝኛም ለዚህ ቃል አለው፦ «ኢፍ አይ አንደርስታንድ ዩ ኮረክትሊ»። በትክክል ተረድቼህ ከሆነ ማለት ነው። ይህን ብለሽ የተቃራኒሽን ሐሳብ ሳታጣምሚ ድገሚው። ሰሚው ያምንሻል። አንቺም ትንፋሽ ታገኛለሽ፤ ሐሙስ ዕለት ያጣሽው እሱን ነው። መሃል ላይ ቃል ከጠፋሽ ደግሞ «ለት ሚ ፑት ኢት አናዘር ዌይ» በዪና በሌላ በኩል ግቢ።

ቀጥሎ እውነት የሆነውን እመኚለት። ስትጽፊ «አድሚተድሊ» ወይም «ኢት ኢዝ ትሩ ዛት»፣ እርግጥ ነው እንደማለት፤ ስትናገሪ «አይ ቴክ ዩር ፖይንት»፣ ነጥብህ ገብቶኛል። ከዚያ «ሃውኤቨር»፣ ይሁን እንጂ ብለሽ ትመለሻለሽ። የእኛኑ የጣና አረም፣ እምቦጭን እንውሰድ። በእጅ መንቀል ይሻላል ብለሽ ቆመሻል እንበል። «አድሚተድሊ፣ ማሽን በአጭር ጊዜ ብዙ ይሰበስባል። ሃውኤቨር፣ ውሃው በሳሳበት ዳርቻ እንደልቡ አይገባም፤ ተቆርጦ የቀረውም ተንሳፍፎ ሌላ ቦታ ሊበቅል ይችላል።» አየሽ ቅደም ተከተሉን? እሺታው ይቀድማል፣ መልስሽ ይከተላል። ብታገላብጪው ሰሚው ጆሮ ላይ የሚቀረው ማሽኑ ነው።

«ፈርዘርሞር» እና «ሞርኦቨር» በያዝሽው ወገን ላይ ተጨማሪ ማስረጃ ስታመጪ ነው፤ አንቀጽ በጀመርሽ ቁጥር አትደርድሪያቸው። «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» ሌላውን ጎን ያሳያል። «ኦን ዘ ኮንትረሪ» ግን አሁን የተባለውን ጭራሽ ይክዳል። ብዙ ተማሪ ያምታታቸዋል። «ዊዝ ኦል ዱ ሪስፔክት» የሚሉትን እኔ አልወደውም። አክብሮት ይመስላል፤ ሲደጋገም ንቀት ይሸታል።

የእርግጠኝነትሽን ልክም በቃሉ አሳዪ። እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ይህን እንዲሁ በግልጽ ተናገሪው። ጣና በምን መንገድ ገባ የሚለው ግን ሁሉም የየራሱን ይላል፤ እዚያ ላይ «ኢት ኢዝ ላይክሊ ዛት»፣ ሳይሆን አይቀርም ማለት ይሻልሻል። ማስረጃ ካለሽ «ዚ ኤቪደንስ ሰጀስትስ»፣ ማስረጃው ይጠቁማል። «ዊዝአውት ዳውት»ን፣ ያለ ጥርጥር የሚለውን፣ ለማይናወጥ ነገር አስቀምጪው። ተቃራኒሽ በባዶ ከጮኸ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ዋት ኢዝ ዘ ኤቪደንስ ፎር ዛት?»፣ ማስረጃህ ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂው።

እነዚህን ዝም ብለሽ አትሸምድጂ። ከንፈርሽ እስኪለምዳቸው ድረስ ጮክ ብለሽ በያቸው። ዶርም ውስጥ ካፈርሽ ሐዋሳም ሐይቅ አላት፤ ዳሩን ይዘሽ እየሄድሽ በያቸው።

እሑድ ማታ ስትደውዪ እኔ የማሽኑን ወገን እይዛለሁ። አንቺ የእጁን ያዢ። አማርኛ የለም። አባትሽ ይዳኘናል፤ ከአሁኑ ወንበሩን በረንዳ ላይ አውጥቷል።

ናፋቂሽ እናትሽ፣
ከባሕር ዳር